በኪሎ የማይሸጥ ሞተር

አባቴ ከታመመ በኋላ አፉን ፈትቶ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል «ኪሎ» የሚል ነበር። ከሁለት ወር በላይ እናቴም እኔም ስማችንን ይጠራ እንደሆነ ብለን አፍ አፉን ስናይ ከርመናል። እናቴ የእኔን ስም ቀድሞ ቢጠራ እንደማይከፋት ነግራኝ ነበር። እሱ ሁለታችንንም አልጠራም።

ቀኑ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን ነበር። እናቴ በመንገድ ሲያልፍ የነበረውን ቁራሌ ጠርታ አስገባችው። ቁራሌ ማለት ቆርቆሮ፣ ጠርሙስና የወዳደቀ ብረት እየዞረ የሚገዛ ሰው ነው። ሰውየው ሰርቪስ ቤታችን ውስጥ የተቀመጠውን ሞተር በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

«አልሙኒየም ነው፤ ጥሩ ነው» አለ። «ብረቱ ለብቻ፣ አልሙኒየሙ ለብቻ ይመዘናል። እንዳለ ሚዛኔ ስለማይችለው በመዶሻ እንከፋፍለዋለን።»

«ምን ይሠሩታል?» አለች እናቴ።

«ያቀልጡታል። ድስት ይወጣዋል፣ ጭልፋ ይወጣዋል። ከዚህ የሚወጣው ድስት ለአንድ ሠርግ ይበቃል፣ እትዬ።»

አባቴ በረንዳው ላይ ወንበሩ ላይ ነበር። ቀኝ ጎኑ አይታዘዘውም፤ በግራ እጁ የአጥሚት ማንኪያ ይዞ ነበር። በማንኪያው የወንበሩን ክንድ መታ መታ አደረገና «ኪ... ሎ» አለ። ቀጥሎ «አይ፣ አይ» አለ። ቁራሌው ዋጋ የሚጠይቀው መስሎት «አባባ አያስቡ፣ በኪሎ ጥሩ ነው የምከፍለው» አለው። አባቴ ማንኪያውን ወረወረው። ቁራሌው ሚዛኑን ጆንያው ውስጥ ከቶ ወጣ።

እናቴ ማንኪያውን አንስታ አጠበችው።

«ተናገረ» አለች።

«አዎ፣ ተናገረ» አልኩ።

ደስ ሊለን ይገባ ነበር። እኔ ሲሚንቶው ላይ የፈሰሰውን አጥሚት በጨርቅ ጠረግሁ።

ሞተሩ እንዴት እኛ ቤት እንደገባ መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ አባቴ ለምን እንደተቆጣ አይገባም።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ለሠርግ ከአዲስ አበባ አንዲት ቀይ የስፖርት መኪና አምቦ መጣች። ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም። ከሙሽራው ሚዜዎች አንዱ፣ ባለቤቷ ራሱ፣ ነበር የሚነዳት። ሠርጉ ካለቀ በኋላ ወደ ጉደር ሊዝናኑ ሲወጡ ከመንገዱ ጉብታዎች አንዱ ሆዷን ፋቀው፤ የዘይት ቋቷ ተሰነጠቀ። ልጁ አላወቀም። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በርቶ እያየ እስከ ጉደር ነዳ። ከጉደር ሲመለስ መኪናዋ አንድ ጊዜ እንደ መድፍ ጮኻ ቆመች። ስበው አባቴ ጋራዥ አመጧት።

«መብራቱን አላየኸውም?» አለው አባቴ።

«አይቼዋለሁ ጋሼ፤ ለጌጥ መስሎኝ ነው።»

ይህ መልስ ከዚያ በኋላ በጋራዡ ተረት ሆነ። አንድ ሰው ጥፋቱን ሲያስተባብል አባቴ «ለጌጥ መስሎኝ ነው በለኛ!» ይለው ነበር።

ከጋራዡ ጎን ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ አለ፤ የአባቴ የሃያ ዓመት ጓደኛው ነው። የመኪናዋን የፊት ክዳን መጀመሪያ የከፈተው እሱ ነበር። ውስጡ ከሻንጣ ማስቀመጫ በስተቀር ምንም የለም። «ኡኡ! ሞተሯን ሰርቀዋታል!» ብሎ ሰፈሩን ሰበሰበው። ሞተሩ ከኋላ፣ ከወንበሮቹ ጀርባ ነበር። አባቴ እሱን አውጥቶ ሲከፍተው ዘይት አጥቶ ተቃጥሏል፤ ከአሥሩ ሲሊንደሮች በአንዱ ውስጥ ቢየላው፣ ማለት ፒስቶኑን ይዞ የሚሠራው ክንድ፣ ተሰብሮ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጥቷል። ቀዳዳው የእኔን እጅ ያስገባል። ባለቤቱ ሌላ ሞተር ከዱባይ አስመጣለሁ ብሎ ሄደ። ሞተሩ አልመጣም። ከብዙ ወራት በኋላ የመኪናዋ አካል በመኪና ተጭኖ ሄደ፤ የተበላሸውን ሞተር ግን «አንተ ጋ ይቅር፣ ጋሼ» ብሎ ለአባቴ ተወለት።

አባቴ እሑድ እሑድ ሞተሩን በጨርቅ ይወለውለው ነበር። ሌላ ሰው ጋዜጣ እንደሚያነብ እሱ ቴስታታውን፣ ማለት የሞተሩን የላይ ክዳን፣ አንስቶ አየር የሚያስገቡትንና የሚያስወጡትን ባልቮላዎች ያያል። እኔንም ይጠራኝና «ይሄ ምንድነው?» ይለኛል። «ፒስቶን» እላለሁ። «ይሄስ?» «ቢየላ።» «ይሄኛውስ?» «የተሰበረ ቢየላ» ስለው ይስቃል። አንድ ቀን አንድ ቦታ መለዋወጫው ይገኛል ይል ነበር። እንደማይገኝ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እሱም ጭምር። ጎሚስታው ሲያሾፍበት «ይሄ እኮ ሞተር አይደለም፣ ሞተ ነው። ሞተር የሚያሰኘው «ር» ናት፤ እሷ ደግሞ ጉደር መንገድ ላይ ወድቃለች» ይለዋል። አባቴም «እሷን ነው የምፈልጋት» ብሎ ይመልስለታል። ይህን ቀልድ በሳምንት አንድ ጊዜ ሳይደጋግሙት አይቀሩም።

ከዚያ እኔ የመልቀቂያ ፈተና በወሰድሁበት ዓመት አባቴ ጋራዡ ውስጥ ወደቀ። ሆስፒታል ሐኪሙ «ስትሮክ ነው» አለን። ኮሪደሩ ላይ አብሮን የቆመው ጎሚስታ ከድንጋጤው የተነሳ «ባለ አራት ነው ባለ ሁለት?» አለ። ስለ ሞተር ሲወራ ፎር ስትሮክ፣ ቱ ስትሮክ ማለት ልማዱ ስለሆነ ነው። ማንም አልሳቀም። እሱም ራሱ ምን እንዳለ የገባው ቆይቶ ነው፤ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። እኔ አላለቀስሁም። የመድኃኒት ማዘዣውን ተቀብዬ ወረፋ ያዝሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲያ ነበርሁ፤ የታዘዝሁትን ሁሉ በደንብ እሠራለሁ፣ ሌላ ነገር አይሰማኝም።

ጋራዡ ኪራይ ስለነበር ለቀቅነው። መፍቻዎቹ በካርቶን፣ ሞተሩ በስድስት ሰው ሸክም ወደ ቤት መጡ። ሰርቪስ ቤቱን እናቴ ለተማሪ ልታከራየው ነበር ያሰበችው፤ የአባቴ የእጅና የእግር ማሠልጠኛ ሕክምና የሚከፈለው ከዚያ ነው። ሞተሩ ግን መሬቱን ሞልቶት ተቀመጠ። በሩ ሲከፈት ይነካዋል።

ቁራሌው የሄደ ዕለት ማታ አባቴ አጠገብ ተቀመጥሁ።

«በኪሎ አይሸጥም» አልኩት። «የሚያውቅበት ሰው እፈልጋለሁ።»

ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ። አዎ ማለቱ ነው።

እናቴ ሰምታኝ ኖሮ ወጥ ቤት ጠራችኝ። አልተቆጣችም። «የዩኒቨርሲቲ ጥሪሽ እስኪደርስ ፈልጊ» አለችኝ። «ስትሄጂ ግን ቁራሌውን እጠራዋለሁ። አባትሽን የሚያቆመው ሕክምና ነው እንጂ ይሄ ብረት አይደለም።»

እውነቷን ነው። እኔም «እሺ እማዬ» አልኳት። ለሁለቱም እሺ ብያለሁ ማለት ነው።

መጀመሪያ በቴሌግራም የመኪና ዕቃ መሸጫ ቡድኖች ላይ አወጣሁት። ፎቶውን ከአራት ማዕዘን አነሳሁ፤ የተበሳውን ጎንም አልደበቅሁም። ስልኬ ሳምንቱን ሙሉ ሲጮህ ሰነበተ። አንዱ «ለቪትዝ ይሆናል?» አለኝ። አንዱ መኪናዋን ካላየሁ አላምንም አለ። አንድ ካፌ ልከፍት ነው ያለ ሰው መስታወት ጭኖበት ጠረጴዛ ሊያደርገው ፈለገ፤ ለአባቴ ነገርሁት፤ አባቴ ትንሽ አስቦ ዓይኑን ጨፈነና ከፈተ። ሰውየው ግን በሚቀጥለው ቀን ደውሎ ሚስቱ እንዳልተስማማች ነገረኝ። «ዘይት ይሸታል አለች» አለኝ። እውነቷን ነው፣ ይሸታል።

ቀጥሎ የአባቴን የቀድሞ ደንበኛ አሰብሁ። ጊንጪ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ነው፤ የወፍጮውን ሞተር አባቴ ነበር የሚጠግንለት። በሚኒባስ ሄድሁ። ወፍጮው እየሠራ ስለነበር እየተጮጯህን ነው ያወራነው፤ ቅንድቡ ላይ ሁሉ ዱቄት ነበረበት።

«አካም ጅርታ፣ ኦቦ!» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኩት።

«ነጋያ! ነጋያ! አባትሽስ? ተሻለው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው። ሞተር አለን። ምናልባት ለወፍጮ...»

«ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?»

«ከአምስት መቶ በላይ።»

ቀበቶውን ከመዘውሩ ላይ አውጥቶ ወፍጮውን አቆመ። ጸጥ ሲል ሁለታችንም ድምፃችን አሁንም እንደ ጮኸ ነበር።

«አምስት መቶ ፈረስ! ልጄ፣ የደንዲ ወረዳ ፈረስ ሁሉ ቢሰበሰብ አምስት መቶ ይሞላል ብለሽ ነው? ይሄ እኮ ጤፉን ከነቤቱ ነው የሚፈጨው። በምንድነው የሚሠራው? በናፍጣ?»

«በቤንዚን።»

«ላኪ፣ ላኪ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ በኦሮምኛ የለም፣ አይሆንም ማለቱ ነው። «አንድ ኩንታል ለመፍጨት አንድ በርሜል! ደግሞስ ይሠራል?»

«አይሠራም» አልኩት።

ከዚያ ሚስቱን ጠርቶ አምስት ኪሎ የነጭ ጤፍ ዱቄት አስመዘነልኝ። «ለአባትሽ ነው። እሱ ሳይኖር እኔም ወፍጮዬም ሲያመን የሚያየን የለም» አለኝ። ዱቄቱን ታቅፌ በሚኒባስ ተመለስሁ። የጭልሞ ደን በስተቀኝ በኩል አለፈ። ዱቄቱ ጭኔ ላይ ይሞቅ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ያሰብሁት ግን ምንም ትዝ አይለኝም።

በዚያ ሰሞን ለብዙ ቀን ኢንተርኔት ጠፋ። ቴሌግራሙ ቆመ። የዩኒቨርሲቲው ጥሪ በሬዲዮ ተነገረ፤ የተመደብሁት ደቡብ፣ ሩቅ ቦታ ነበር፤ ቀኑ አሥር ቀን ብቻ ቀርቶታል። ስለዚህ በማግስቱ የድሮውን ዘዴ ልሞክር ብዬ በካርቶን ማስታወቂያ ጽፌ የውጭ በራችን ላይ ለመስቀል ወሰንሁ።

ጽሑፌ ቆንጆ ነው፤ በትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ማስታወቂያ የምጽፈው እኔ ነበርሁ። ካርቶኑን በማስመሪያ ሁለት መስመር አሰመርሁበት። ከላይ «ሞተር»፣ ከታች «ይሸጣል»። የአባቴ የጋራዥ ማርከር ዝናብ እንኳ የማያጠፋው ጥቁር ማርከር ነው፤ በእሱ ጀመርሁ። «ሞ» አልኩ። «ተ» አልኩ። እዚህ ላይ ማርከሩ አለቀ። ብነቀንቀው፣ ብተነፍስበት እምቢ አለ። ሱቅ ልሂድ ብል መሽቷል፤ ስለዚህ «ር»ንና ከታች ያለውን መስመር በከሰል ጨረስሁት። ከሰሉ እንዲያውም ከማርከሩ ይበልጥ ደመቀ። በሚስማር መትቼ ሰቀልሁት፣ ራቅ ብዬ አየሁት፣ ጥሩ ነበር፣ ገባሁና ተኛሁ።

ሌሊቱን ዝናብ ዘነበ።

ማለዳ እናቴ በረንዳው ላይ የአባቴን ጺም ስትላጭ እኔ ውኃ ይዤላት ቆሜ ነበር። ግማሽ ፊቱ ሳሙና ነው። የውጭው በር ተንኳኳና ሳንከፍተው ተበርግዶ ጎሚስታው «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ገባ። ከኋላው የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንዷ ገና ከአሁኑ ደረቷን እየደቃች፣ ተከተሉት። የዕድራችን ጡሩንባ ነፊ ጡሩንባውን በብብቱ ይዟል። ኋላ ኋላ ደግሞ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መምህር ነበር፤ ተማሪዎቹን ለልምምድ አባቴ ጋራዥ ያመጣ ስለነበር እናውቀዋለን።

እናቴ ምላጩን እንደያዘች ቀረች። የገቡት ሰዎችም ባሉበት ቆሙ። አባቴ ከሳሙናው ውስጥ አያቸው።

ጎሚስታው «አንተ!» አለ። «አልሞትክም እንዴ?»

«አፍህን ይቁረጠው!» አለች እናቴ። «ምን ሟርት ነው በጠዋቱ?»

«በራችሁ ላይ ጽፋችሁ? እኔ መች አልኩ! ሱቄን ልከፍት ሳልፍ በትልቁ ‹ሞተ› ይላል!»

ወጥቼ አየሁት። የከሰሉ ጽሑፍ ታጥቦ ግራጫ ውኃ ሆኖ በካርቶኑ ላይ ወርዷል። በማርከር የተጻፉት ሁለት ፊደሎች ብቻ ጥርት ብለው ቀርተዋል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ የሚያነባቸው ይመስላሉ። ነቅዬ ይዤው ገባሁ።

«ሞተር ይሸጣል ነበር የሚለው» አልኩ። ድምፄ ፈተና ላይ መልስ የሚሰጥ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። «ማርከሩ አለቀና «ር»ን በከሰል ጻፍኋት። ይቅርታ። በጣም ይቅርታ።»

መጀመሪያ የሰማሁት ከወንበሩ በኩል እንደ ሳል ያለ ድምፅ ነው። የአባቴ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ሌላ ስትሮክ የመጣበት መስሏት ምላጩን ጣለች። እየሳቀ ነበር። ግማሹ ፊቱ ብቻ ይስቅ ነበር፣ ሳሙናው ወደ አፉ ይገባ ነበር፣ ግራ እጁን ወደ ጎሚስታው ዘርግቶ «ር... ር...» ይላል።

«ወደቀች!» አለ ጎሚስታው ጉልበቱን እየመታ። «ወደቀች፣ ወንድሜ! ጉደር ድረስ መሄድ አላስፈለገም፣ እዚሁ በራችሁ ላይ ወደቀች!» እሱም ሳቁና ልቅሶው ተደበላለቀበት። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል» አሉ። ጡሩንባ ነፊው ግን ተቀይሟል። «እኔ እኮ ሁለት ሰፈር ነፍቻለሁ» አለኝ። «አሁን ሄጄ አልሞተም ብዬ ልንፋ? ለዚያ የሚሆን አነፋፍ የለም!» ተመልሶ በየደጁ እየዞረ በአፉ ነገረ። ያን ቀን እስከ ቀትር ድረስ የሚያለቅስ ይገባል፣ የሚስቅ ይወጣል። ካርቶኑን ታቅፌ ለሚገባው ሁሉ ስለ ከሰሉ ደግሜ ደጋግሜ አስረዳሁ።

መምህሩ ግን አልሄደም። ሰው ሲቀንስ ጠብቆ «ለመሆኑ የሚሸጠው የትኛው ሞተር ነው? ያ የቀይዋ ነው?» አለኝ።

ሰርቪስ ቤቱን ከፈትሁለት። በተበሳው ጎን እጁን አስገብቶ ውስጡን ዳሰሰ። የስልኩን መብራት አብርቶ ረጅም ጊዜ አየ።

«እኛ ኮሌጅ» አለ፣ «ሞተር የምናስተምረው በሥዕል ነው። አንድ የተቆረጠ ሞተር ነበረን፣ አሮጌ፣ ልጆች እየነካኩ አለቀ። የሚሠራ ሞተር ደግሞ መቁረጥ ኃጢአት ነው። ይሄ ግን...» ብሎ እጁን እንደገና በቀዳዳው አስገባ። «ይሄ ራሱ ግማሹን ተቆርጦ ነው የመጣው። በግራይንደር እስከ ታች ብንከፍተው፣ ዘይት ሲያልቅ ምን እንደሚሆን አንድም ቃል ሳልናገር ያያሉ።»

ለአባቴ ነገርነው። መምህሩ ወንበሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ቀስ እያለ፣ የት እንደሚቆርጥ በጣቱ እየጠቆመ አስረዳው። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ። ከዚያ ደግሞ ጨፍኖ ከፈተ።

«ትገዙታላችሁ?» አለች እናቴ።

መምህሩ አንገቱን ደፋ። «እትዬ፣ ችግሩ እሱ ነው። መንግሥት ዕቃ ሲገዛ ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል። ከሦስት ነጋዴ የሦስት ዋጋ ወረቀት። እንዲህ ያለ የተሰበረ ሞተር ያለው ሁለተኛ ሰው በዚህ አገር ከየት አመጣለሁ? ሦስተኛውስ? በስጦታ ከሆነ ግን ነገ በመኪና እንወስደዋለን። የምስጋና ደብዳቤ ከነማኅተሙ እንሰጣችኋለን።»

«ማኅተም መድኃኒት አይገዛም» አለች እናቴ።

ሁሉም እኔን አዩኝ። ለምን እኔን እንዳዩኝ እስካሁን አልገባኝም። ለአባቴ በኪሎ አይሸጥም ብዬዋለሁ፣ ለእናቴ እስክሄድ ብያታለሁ፤ የቀረኝ ስምንት ቀን ነው። የማስበውን ፈለግሁ፤ ምንም አላገኘሁም። እጄ ላይ የነበረውን ካርቶን አየሁ። በስተመጨረሻ «እማዬ፣ ክፍሉ ይለቀቃል» አልኳት። «ነገ ይወስዱታል። ከነገ ወዲያ ማከራየት ትችያለሽ።»

እናቴ ወለሉ ላይ የወደቀውን ምላጭ አነሳች። የአባቴ ጺም ግማሹ አልተላጨም ነበር፤ ሳሙናው ደርቋል። እንደገና ውኃ ነከረችለትና የቀረውን ጎን መላጨት ጀመረች። ስትጨርስ «ይውሰዱት» አለች። «ግን የሚሸከሙትን እነሱ ያምጡ። ደጄን እንዳያበላሹት።»

በማግስቱ ወሰዱት። ከሳምንት በኋላ እኔም ሄድሁ። አውቶብስ መናኸሪያ ድረስ የሸኘኝ ጎሚስታው ነው፤ ሻንጣዬን በባጃጅ ላይ ሲያስር «ማርከር ያዝሽ?» አለኝ። ይዤ ነበር።

ለሴሚስተር ዕረፍት ስመለስ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ይኖሩ ነበር፤ በሩ ሳይነካካ እስከ ጥጉ ይከፈታል። አባቴ በምርኩዝ አሥር እርምጃ ይሄዳል። መናገሩ ግን እንዳለ ነው፤ ቃል ከመጣለት ይመጣለታል፣ ካልመጣ ግራ እጁን ያወዛውዛል። መምህሩ ደውሎ «አልቋል፣ እንዲያየው አምጪው» አለኝ።

በባጃጅ ወሰድሁት። ወርክሾፑ ውስጥ ሞተሩ ከወገብ ከፍ ባለ የብረት መቆሚያ ላይ ተቀምጧል። ጎኑ ተከፍቶ አምስቱ ፒስቶኖች በተርታ ይታያሉ፤ የተቆረጠው ጠርዝ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ሦስት ተማሪዎች ደብተር ይዘው ይሥሉት ነበር። እያንዳንዱ ክፍል ላይ በነጭ ወረቀት ስሙ ተለጥፏል። ስሞቹ ከመማሪያ መጽሐፉ የተወሰዱ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ አጠራር፣ በአማርኛ ፊደል።

አባቴ ምርኩዙን ለእኔ ሰጥቶ መቆሚያውን ያዘ። በግራ ጣቱ ፒስቶኖቹን አንድ በአንድ እየነካ ሄደ። የተሰበረው ጋ ሲደርስ ቆመ። የተለጠፈበትን «ኮኔክቲንግ ሮድ» የሚል ወረቀት አየው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። መምህሩ ሊረዳው «ኮኔክ...» ሲል አባቴ እጁን አወዛወዘበት።

«ቢ...» አለ። ጠበቅነው። ተማሪዎቹም መሣላቸውን አቆሙ። «ቢየላ።»

«ቢየላ» አለ መምህሩ። ወደ ተማሪዎቹ ዞረና «ጋራዥ ስትገቡ ኮኔክቲንግ ሮድ አምጡ የሚላችሁ የለም። ቢየላ ነው የሚባለው። ጻፉት» አላቸው። ጻፉት። አባቴ ጣቱን ወደ ላይ ወደ ክዳኑ አነሳ፤ «ቴስታታ» አለ፤ ይህኛው ቶሎ ወጣለት። ከዚያ ወደ ባልቮላዎቹ። አንዷ ተማሪ «ጋሼ፣ ይሄስ?» አለችው፤ እንደ እኔና እንደ እሱ ድሮ ሳይሆን ተገልብጦ፣ ጠያቂዋ እሷ፣ መላሹ እሱ ሆኖ። ቃሉን ፍለጋ ዓይኑን ጨፈነ። ማንም አላጣደፈውም።

አጠገባቸው ቆሜ ምርኩዙን ይዤ ነበር። ደስ ብሎኛል ብዬ ብጽፍ ያምርልኝ ነበር፤ በውስጤ የነበረው ግን የቆመ ነገር ነው፣ ዝም ያለ ነገር። እጄ ምርኩዙን ከሚገባው በላይ አጥብቆ ይዞት እንደነበር ያየሁት መዳፌ ሲያመኝ ነው።

መምህሩ ነጭ ወረቀት ቆርጦ ሰጠኝ። «ጽሑፍሽ ቆንጆ ነው አሉ» አለኝ እየሳቀ። «ከእያንዳንዱ ሥር አባትሽ የሚሉትን ጻፊበት።»

ከቦርሳዬ ማርከሬን አወጣሁ። ወረቀቱን ከመንካቴ በፊት መዳፌ ላይ አንድ መስመር አሰመርሁ፤ ይጽፋል። ቢሆንም አንድ ጊዜ ደገምሁት።